ሦስት እርምጃ ሣር

«በተወለድክበት አገር የሕዝብ መናፈሻ ምን ይመስላል?»

አስጎብኚያችን ይህን የጠየቀችኝ ከአንድ ቀይ የእንጨት ድልድይ አጠገብ ቆመን፣ ከሥር ውኃው ሲንፎለፎል እየሰማን ነበር። ጥያቄው ለእኔ ብቻ የቀረበ አልነበረም። ከእኔ በፊት አንዲት ቬትናማዊት እናት ስለ ልጅነቷ የሎተስ ኩሬ ተናግራለች፤ አንድ ሶማሊያዊ ሽማግሌም ስለ አባታቸው የሎሚ ዛፎች አውግተዋል። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ሳላስብና ሳላመነታ፣ «እኛ ዘንድ መናፈሻ የሚባል ነገር የለም» አልሁ።

ያን ጊዜ እውነት የተናገርሁ መስሎኝ ነበር።

ቀኑ እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደይ ወራት የዋለ አንድ ቅዳሜ ነው። ሥፍራው በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሠፈር የሚገኘው የኩቦታ የአትክልት ሥፍራ ነው። ሠፈሩ ከአፍሪካ ቀንድ የመጣን ሰዎች በብዛት ከምንኖርባቸው አንዱ ነው። እኔም ከዚያ መናፈሻ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ለስምንት ዓመታት ስኖር በደጁ እልፍ ጊዜ አልፌያለሁ፤ ገብቼበት ግን አላውቅም ነበር። መግቢያው በነጻ መሆኑን እንኳ የሰማሁት በዚያች ቅዳሜ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ፣ እንቅልፍ በዓይኔ እንደተሸከምሁ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ «የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ ካልሄድን» ብላ ስለጎተተችኝ ብቻ ከጎብኚዎቹ ጋር ተቀላቀልሁ። አሥራ ሁለት ያህል ነበርን።

አስጎብኚያችን በበጎ ፈቃድ የምታገለግል፣ ነጭ ጸጉሯን በሣር ባርኔጣ የሸፈነች ሴት ነበረች። ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ቀስ ብላ ትናገራለች። ፉጂታሮ ኩቦታ ስለተባለው ሰው ስታወራ ግን ስለ ገዛ አጎቷ የምታወራ ትመስል ነበር። ኩቦታ ከጃፓን የሺኮኩ ደሴት ተነሥቶ ወደ አሜሪካ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። አትክልተኝነትን ከትምህርት ቤት አልተማረውም። በ1927 እኛ በቆምንበት ሥፍራ አምስት ኤከር ረግረግ ገዛ። ሕጉ የጃፓን ስደተኞች መሬት በስማቸው እንዳይገዙ ይከለክል ስለነበር የገዛው በወዳጁ ስም ነው። ረግረጉን አጠንፍፎ፣ ድንጋይ አመላልሶ፣ ጥድ ተክሎ፣ ኩሬ ቆፍሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይዞታውን ወደ ሃያ ኤከር አደረሰው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ መንግሥት በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ከ110 ሺህ በላይ የጃፓን ተወላጆችን ከየቤታቸው አፍሶ በሽቦ በታጠሩ ሠፈሮች ውስጥ ሲያጉር፣ ኩቦታም ከቤተሰቡ ጋር በአይዳሆ ደረቅ ምድር ወደሚገኘው ሚኒዶካ ተወሰደ። መናፈሻው ባለቤት አልባ ሆነ፤ አረም ዋጠው። እርሱ ግን በግዞት ሠፈሩ ውስጥ፣ በአቧራ መካከል፣ ሌላ መናፈሻ ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ተመለሰ፤ ከልጆቹም ጋር አረሙን ነቅሎ እንደገና ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1973 በ94 ዓመቱ ሲያርፍ ሥፍራው አንድ ቀን ለሰው ሁሉ ክፍት እንዲሆን ተስፋ ያደርግ ነበር። ከእርሱ በኋላ መሬቱ ላይ የመኖሪያ ሕንፃ ይሠራበት የሚል አሳብ ሲመጣ የሠፈሩ ሰው «አይሆንም» ብሎ ቆመ። የመናፈሻው እምብርት በ1981 በቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1987 ደግሞ ከተማው ገዝቶ የሕዝብ አደረገው።

ይህን ሁሉ ስሰማ ልቤ ተነክቶ ነበር። ስደተኛ የስደተኛን ታሪክ ሲሰማ ለራሱ ጥቂት ያዝናል። ግን ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አስጎብኚያችን በመንገድ ላይ ያነሣችው አንድ አሳብ ነው። ጃፓኖች በአትክልት ሥራ ጥበባቸው ውስጥ «ሻኬይ» የሚሉት ነገር አላቸው። በቀጥታ ሲፈታ «የተዋሰ እይታ» ማለት ነው። አትክልተኛው ዛፎቹንና ድንጋዮቹን ሲያሰናዳ ከግቢው ውጪ ያለውን ሩቅ ተራራ የራሱ አካል አድርጎ ያስገባዋል። ተራራውን አይገዛውም፣ አያጥረውም፤ እንዳይጋረድ ብቻ ይጠነቀቃል። ይህን ስትናገር ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ቡታጅራና ከበላዩ የተንጣለለው የዘቢዳር ተራራ ትዝ አሉኝ። ወዲያው ረሳሁት።

ወደ ድልድዩ ልመለስ። ሴትየዋ መልሴን ሰምታ ወደሚቀጥለው ሰው አላለፈችም።

«እሺ» አለችኝ። «ልጅ ሳለህ ጠዋት ከቤት ስትወጣ እግርህ መጀመሪያ የሚረግጠው ምን ነበር?»

«ሣር።»

«የማን ሣር?»

ይህን ለመመለስ ዘገየሁ። «የሁላችንም» አልኋት።

«ማን ይንከባከበው ነበር?»

«ሁላችንም። ከብቶቻችንም።»

«ስፋቱስ?»

እጆቼን ዘረጋሁ። አልበቁኝም። ዞር ብዬ ከኩሬው ማዶ ያሉትን ዛፎች አሳየኋት፤ «ከዚህ እስከዚያ፤ ርዝመቱ ግን ዓይን እስከሚደርስበት» አልሁ።

ፈገግ አላለችም፤ እንደ መቀየም ያለ ነገር ፊቷ ላይ አየሁ። «ታዲያ ለምን የለንም አልክ?» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ጀፎረን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። የጉራጌ መንደር ልቡ ባዶ ቦታ ነው። ቤቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተያይተው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ሰፊ፣ ረጅም፣ ለምለም ሣር የለበሰ ሜዳ ይዘረጋል። ይህ ጀፎረ ነው። ስፋቱ በአሥር በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው፤ ከመንደር መንደር ተቀጣጥሎ ሩቅ የሚሄድበትም አለ። እያንዳንዱ ቤት ፊቱን ለጀፎረው፣ ጀርባውን ለእንሰቱ ይሰጣል። ከእንሰቱ ወዲያ ቡናው፣ ከዚያም ወዲያ ባሕር ዛፉ ይከተላል። የግል የሆነው ሁሉ በስተኋላ ነው፤ የጋራ የሆነው ከፊት ነው። ሙሽራ የሚሸኘው፣ ሟች የሚለቀሰው፣ የመስቀል ደመራ የሚለኮሰው፣ ፈረስ የሚጋለበው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ልጅ የሚሯሯጠው በጀፎረው ላይ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ መስቀልም አረፋም ይስተናገዱበታል። ከብቶቹ ሲግጡ ሣሩን ያስተካክሉታል፤ የአባቶች ሥርዓት ደግሞ ዳርቻውን ይጠብቃል። በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ የጆካ ሸንጎ በሚመራበት ቂጫ በተባለው ባህላዊ ሕግ ጀፎረን መግፋት ያስጠይቃል፤ ያስቀጣልም።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ እንደ እብድ ማንበብ ጀመርሁ። በጃፓን ካናዛዋ የሚገኘው ዝነኛው ኬንሮኩኤን የአካባቢው ገዢዎች የግል መናፈሻ ነበር፤ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። በቻይና ሱዡ ከተማ የሚገኙትና ከ1997 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩት የአትክልት ሥፍራዎችም ባለሥልጣናትና ባለጸጎች በከፍተኛ ግንብ አጥረው ለራሳቸው ያሠሯቸው ነበሩ። የዓለም ታላላቅ መናፈሻዎች ታሪክ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የጌታ ነበሩ፣ ኋላ በሩ ተከፈተ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2020 በቻይና እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው የወዳጅነት ፓርክ በር አለው፤ በሩ ላይም ትኬት አለ። ጀፎረ ግን የሚከፈት በር ኖሮት አያውቅም። ከመጀመሪያው የሁሉም ነበር። እኔ ደግሞ በባዕድ አገር፣ በባዕድ ሰዎች ፊት ቆሜ «የለንም» ብያለሁ።

የጸጸቴ ግማሽ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ከዚህ ይከፋል።

በዚያው ወር ለወንድሜ ገንዘብ ልኬ ነበር። አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል፤ የድሮው ሣር ቤት ዘሟል፤ እናታችን ብቻቸውን ናቸው። በላክሁት ገንዘብ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ተሠራ። በተረፈው ደግሞ የብሎኬት አጥርና የብረት በር። ወንድሜ ፎቶውን ልኮ ከሥሩ «ግቢው እንዲሰፋ አጥሩን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርገነዋል» ብሎ ጻፈልኝ። ወደ ፊት ማለት ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ከጉራጌ ቤት በፊት ለፊት ምን እንዳለ የማያውቅ ጉራጌ የለም።

«ጎበዝ» ብዬ መለስሁለት።

መናፈሻውን ከጎበኘሁ በኋላም ያንን ቃል አላነሣሁትም። ስለ ጀፎረ አነበብሁ፣ ለልጄ አወራሁ፣ በእድር ስንሰበሰብ ለአገሬ ልጆች ሰበክሁ። ስለ አጥሩ ግን ትንፍሽ አላልሁም። ሰው ስለ ጥፋት ማውራትን ጥፋቱን ከማረም ጋር የሚያምታታበት ጊዜ አለ። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ለመስቀል የገባሁት በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው፤ ልጄም አብራኝ ነበረች። አሥራ ስምንት ሞልቷታል። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወልቂጤ ስንደርስ ከተማዋ በባጃጅና በመኪና ጡሩምባ ትናጥ ነበር። የመስቀል ሰሞን የጉራጌ አገር ልጅ ከያለበት ይሰበሰባል፤ ቅቤው፣ ቆጮው፣ ክትፎው ከየቤቱ ይሸታል። ወልቂጤ ውስጥ ጀፎረ የሚፈልግ ሰው ግን አያገኝም። ከተማ ናትና አስፋልት አላት፤ ሰው በአስፋልቱ ዳር ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቶ ይኖራል። ልጄ «አያቴ ቤት የት ነው?» ስትለኝ ሽቅብ ወደ ደጋው አመለከትኋት።

ጉብኝቱን ያሰናዳው የእህቴ ልጅ ነው። እዚያው ጉብሬ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበርና ጀፎረ ያላዩ የሌላ አገር ጓደኞቹን፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የአጎቶቹን ልጆች፣ እኔንና ልጄን ጨምሮ አሥራ አራት ሰው በአንድ ሚኒባስ ጫነን። መሪያችን ከመንደራችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሁሉም «መምህር» ይላቸዋል። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ከመኪናው እንደወረድን ንግግር አላደረጉም። «በመጀመሪያ በመካከሉ እንሂድ» አሉ፤ «ምንም አትጠይቁኝ፤ ሂዱ ብቻ።» ሄድን። ሣሩ የሌሊቱን ጤዛ እንደያዘ ነው፤ ጫማችን ራሰ። ግራና ቀኝ ቤቶቹ፣ ከቤቶቹ ጀርባ የእንሰቱ ሰፋፊ ቅጠሎች፣ ከሁሉ በላይ ሰማዩ። ከተማሪዎቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሣ ሞክሮ ተወው። «አይገባልኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ ጀፎረ በፎቶ አይገባም። ውበቱ ያለው ከሰው ትከሻ ላይ በሚያነሣው ነገር ላይ ነው።

መምህር መናገር የጀመሩት ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ነው። ለቅሶ ሲሆን ወንዶቹ የት፣ ሴቶቹ የት እንደሚቆሙ አሳዩን። ከብት በየትኛው ሰዓት እንደሚሠማራ፣ ከጎረቤት የተጣላ ሰው የት ተቀምጦ እንደሚዳኝ ነገሩን። ቀጥሎ ኩራታቸው ወደሆነው ቦታ ወሰዱን። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ ቦታ ላይ አምስት አባወራዎች አጥራቸውን ወደ ጀፎረው አስጠግተው፣ አንዱማ ባሕር ዛፍ ተክሎበት ነበር። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ብዙ ተባባሉ። በመጨረሻም ባለአጥሮቹ በራሳቸው እጅ አጥራቸውን ነቅለው መለሱ፤ የመንደሩ ወጣቶች የባሕር ዛፉን ጉቶ ቆፍረው አወጡ። «ጉቶው ከባድ ነበር» አሉ መምህር፤ «ሣሩ ግን ማንም ሳይተክለው መጣ። ቦታው ሲለቀቅለት ይመጣል።»

ኩቦታ ትዝ አለኝ። አረሙን ነቅሎ እንደገና የጀመረው ሰውዬ።

እየተራመድን ሳለ ወደ እኛ ቤት መቅረባችንን አውቄዋለሁ። እግሬ ከበደኝ። መምህር ከሌላ አሮጌ ዝግባ ሥር ቆሙ።

«አባቴ ልጅ ሆኜ ያስቆጥሩኝ ነበር» አሉ። «ከዚህ ዛፍ እስከ ዳርቻው ሃያ አንድ እርምጃ ነው፤ የትልቅ ሰው እርምጃ። አሁን እንቁጠረው።»

ከዘራቸውን ይዘው መሄድ ጀመሩ። ተማሪዎቹ ጮክ ብለው አብረው ይቆጥራሉ፤ ጨዋታ መስሏቸዋል። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። ከዘራው የብሎኬት አጥር ነካ። ቆጠራው ቆመ።

አንዱ ተማሪ «ሦስት እርምጃ ብቻ ነው የጎደለው፤ ይህን ከሚያህል ሜዳ ሦስት እርምጃ ምን ይሆናል?» አለ።

መምህር አልተቆጡም። «ምንም አይሆንም» አሉት። «ማዶ ያለውም ሦስት እርምጃ ምን ይሆናል ይላል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለውም ይላል። ከዚያ በኋላ ልጆቻችሁ ይህን ቦታ መንገድ ብለው ይጠሩታል።»

የማን አጥር እንደሆነ አልተናገሩም። የእህቴ ልጅ አንገቱን ደፋ። ዝም ብዬ ብቆም ያልፍ ነበር፤ ቡድኑም ወደ ሚቀጥለው ዛፍ ይሄድ ነበር። ግን ልጄ፣ ሁለት ሌሊት በዚያ ብረት በር ውስጥ አድራ የወጣችው ልጄ፣ በዚያ በማይጨክን ጥርት ባለ ድምጿ፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ የእኛ ቤት ነው» አለች።

አሥራ ሦስት ሰው ዞሮ አየኝ።

«አዎ» አልሁ። «ያሠራሁት እኔ ነኝ።»

መምህር ወደ እኔ ቀረቡ። ልጅ ሳለሁ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ስመጣ የሚያዩኝን አስተያየት እጠብቅ ነበር። አላዩኝም። «አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ። «ገንዘቡ ከሩቅ ነው የመጣው። ከሩቅ የሚመጣ ገንዘብ ጀፎረውን አያየውም።» ይህን ብለው ቡድኑን ይዘው አለፉ።

ማታ ከወንድሜ ጋር ተጣላን። አልፈርድበትም። «አንተ በስንት ዓመት አንዴ ፎቶ ልታነሣ ትመጣለህ» አለኝ። «እማዬ ሲታመሙ በሌሊት የምነሣው እኔ ነኝ። መኝታ ቤታቸው ጠቦናል። የሰፋውን ግቢ ለእርሳቸው ክፍል ነበር ያሰብሁት። ደግሞስ ስጽፍልህ ምን ብለህ መለስህልኝ?»

ምን ብዬ እንደመለስሁለት ሁለታችንም እናውቃለን።

እናታችን እሳት ዳር ተቀምጠው ይሰሙን ነበር። ክርክራችን ሲያልቅ፣ ወይም እኛ ሲደክመን፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። «አባታችሁ ያረፉ ዕለት ሰው የቆመው እዚያ አጥሩ ያለበት ላይ ነበር። አንተ አልነበርክም እንጂ ሰዉ እስከ ዝግባው ሞልቶ ነበር። እኔ ሁልጊዜ የማስበው፣ የእኔ ዕለት ሰዉ የት ይቆማል እያልሁ ነው።»

ለቀብር አልመጣሁም ነበር። ያን ጊዜ ወረቀቴ አልተስተካከለም፤ ብወጣ መመለስ አልችልም ነበር። ምክንያቱ እውነተኛ ነው። ግን በዚያች ሌሊት የገባኝ ሌላ ነገር ነው። አባቴን ባልቀበርሁበት ገንዘብ፣ ለአባቴ የተለቀሰበትን ሣር አጥሬዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ተራራውን ተሻግረን ቡታጅራ፣ አክስቴ ዘንድ ሄድን። ቡታጅራ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆና በፍጥነት እያደገች ያለች ከተማ ናት። አክስቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ። በረንዳቸው ጠባብ ነው፤ ግቢያቸውም ከጥቂት ክንድ አይበልጥም። ግን ቀና ያለ ሰው ከጎረቤት ቆርቆሮ በላይ ዘቢዳርን ሙሉውን ያየዋል። ልጄ ስኒዋን እንደያዘች ቀረች። «አባዬ፣ ሻኬይ» አለችኝ።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ የሰማችውን ቃል አልረሳችውም።

ለአክስቴ ተረጎምሁላቸው፤ ጃፓኖች ተራራ ከሩቅ ይዋሳሉ አልኋቸው። ሳቁ። «እኔማ ስዋስ ኖሬያለሁ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ተወና በእጃቸው የጎረቤቱን ጣሪያ አሳዩን። «ልጆቹ ከውጭ አገር ገንዘብ ልከዋል፤ ፎቅ ሊሠሩ ነው አሉ። ሲሠሩት ተራራዬን ይጋርዱብኛል። ግን እንዴት ብዬ አትሥሩ እላለሁ? የእኔ አይደለም።»

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ጢያ ላይ ወረድን። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን ትክል ድንጋዮች ልጄ በዝምታ ዞረች። ድንጋዮቹ በአጥር ተከብበዋል፤ መከበባቸውም ደግ ነው። ስወጣ ግን አንድ ነገር አሰብሁ። ድንጋይን አጥር ይጠብቀዋል። ጀፎረን ግን የሚጠብቀው የአጥር አለመኖር ነው። ስለዚህ ዘበኛው ማንም ሊሆን አይችልም፤ በዳርቻው ያለ ሰው ሁሉ በየቀኑ ሦስት እርምጃውን ባለመውሰድ ነው የሚጠብቀው።

እዚያው መኪናው አጠገብ ቆሜ ለወንድሜ ደወልሁለት። ማፍረሻ ገንዘብ እልካለሁ አልሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ለማፍረስ ገንዘብ አያስፈልግም» አለኝ በመጨረሻ። «ብሎኬቱን ግን ከቤቱ ጀርባ ለእማዬ ክፍል እሠራበታለሁ። አራት እግር እንሰት መነቀል አለበት። እርሱን ደግሞ አንተ ለእማዬ ንገራቸው።»

ነገርኋቸው። ከአራቱ እንሰቶች ሁለቱን አባቴ የተከሏቸው ነበሩ። እናቴ ጥቂት አሰቡና «የተከለውስ ለሰው አይደል?» አሉኝ።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ። የብረቱ በር የለም። አጥሩ በነበረበትና ዛሬ የቅንጭብ አጥር ባለበት መካከል ሣር በቅሏል፤ ነገር ግን ከሌላው ጋር አልተመሳሰለም። ሲሚንቶ የፈሰሰበት መሬት ላይ ሳሳ ብሎ፣ ፈዘዝ ብሎ፣ እንደ ጠባሳ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል። ከብቶቹ ገና አልለመዱትም መሰለኝ፤ ከፍ ከፍ ብሏል።

ፎቶውን ለልጄ አሳየኋት። በሌላ ቅዳሜ አብረን ወደ ኩቦታ መናፈሻ ሄድን። ያቺ ነጭ ጸጉር ሴት አልነበረችም፤ ሌላ አስጎብኚ ሌላ ቡድን ይዞ በቀዩ ድልድይ ላይ ያልፍ ነበር። ብትኖር ኖሮ ምን እንደምላት ስንት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። ነበረን፣ አለን፣ ጥቂቱን ወስጄ ነበር፣ መልሻለሁ።

ከፎቶው ሥር ወንድሜ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፤ «መምህር ጎብኚ ሲያመጡ አሁን እዚህ ይቆማሉ። ‹ይህ አዲሱ ሣር ነው› ይሏቸዋል። ስምህን ግን አይጠሩም።»